ለበዓል ተጠርቼ ሽማግሌ ሆኜ ተመለስኩ

ከጃፓን ከተመለስኩ ወዲህ ልብስ ሊለካ ሱቄ የሚገባ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ አለው። «እትዬ ሰዓዳ፣ አገሩ እንዴት ነው?» ስለ ፎቁና ስለ ባቡሩ እንድነግረው ይጠብቃል። እኔ ስለ አንዲት ሴት ማውራት እጀምራለሁ፤ ደንበኛው ይቸኩላል፣ ወሬው መሀል ላይ ይቀራል። ስለዚህ ከጅማ ተነስቶ እዚያ ድረስ ለመሄድ ዕድሉ ለማይገጥመው ሰው፣ የሆነውን ከመነሻው ጀምሬ ልጻፈው አልኩ።

መጀመሪያ ሚዶሪን ላስተዋውቃችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከጅማ መርካቶ ጀርባ ካለው ግቢዬ አንዷን ክፍል ተከራይታ የኖረች ጃፓናዊት ናት። በጎ ፈቃደኛ ሆና መጥታ በአጋሮ መንገድ ባሉት የቡና ቀበሌዎች ከሴቶች ጋር ትሠራ ነበር። አማርኛውን ከእኔ፣ ኦሮምኛውን ከጎረቤት ለቀመች፤ እንደኛው ቀላቅላ ነው የምታወራው። ታይፎይድ ሲጥላት ያስታመምኳትም እኔ ነኝ። የእኔ ልጆች ሁለቱም ወንዶች ናቸው፤ አንዱ ሪያድ፣ አንዱ አዲስ አበባ። እሷ ወደ አገሯ ስትመለስ ግቢው ጭር አለብኝ።

ባለፈው ክረምት ደወለች። «እትዬ፣ በሐምሌ ሰፈራችን ትልቅ በዓል አለ። ማሎ፣ ነዪ» አለችኝ፤ እባክሽ ማለቷ ነው። ትኬቱን ላከች፣ የቪዛውንም ጣጣ ጨረሰች። በዓሉ የእምነት በዓል መሆኑን፣ ቤተ መቅደስም እንዳለው ስትነግረኝ ግን ልቤ ፈራ። የሰፈራችንን ሼክ ሄጄ ጠየቅኩ።

«ማየት ማየት ነው» አሉኝ። «ስገጂ ካሉሽ እምቢ በይ። ሰው አክብሮ ሲጠራሽ መቅረት ግን ጥሩ አይደለም።»

ሰኞ ከመንጋቱ በፊት በሚኒባስ ተነሳሁ። ዝናቡ የመኪናውን ጣሪያ ይደበድበዋል። ሾፌሩ አሰንዳቦ ላይ ለቁርስ ሲያቆም ሻይ ብቻ ቀመስኩ። አጠገቤ የተቀመጠች፣ ልጇን ዩኒቨርሲቲ ጠይቃ የምትመለስ ሴት «ወዴት ነሽ?» አለችኝ። «ጃፓን» ስላት መኪናው ሙሉ ሰምቶ ሳቀ። እስከ ጊቤ ድረስ ስሜን፣ የልጆቼን ቁጥር፣ የጉልበቴን ሕመም ሳይቀር አውቀው ነበር። ሲወርዱም «አላህ በሰላም ያድርስሽ»፣ «እግዚአብሔር ይከተልሽ» እያሉ መረቁኝ። አዲስ አበባ ልጄ ዘንድ አደርኩና በማግስቱ ማታ ተሳፈርኩ።

አውሮፕላኑን አልተርከውም፤ መቀመጥ ብቻ ነው። ረቡዕ ማታ ስደርስ ሚዶሪ መውጫው ላይ ቆማ «ከሳሽ! ማሎ፣ ምን ሆነሽ ነው?» እያለች አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ከአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ አድረን ሐሙስ ጠዋት ባቡር ያዝን። ባቡሩ ዝም ያለ ነው። ሰው ሞልቶ ተሳፍሮ ማንም ማንንም «ከየት ነህ?» አይልም። እኔ በተለመደው ድምፄ ስለ ጎረቤቶቻችን ሳወራ ሚዶሪ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። የአሰንዳቦዋን ሴትዮ አሰብኩና ሳቄ መጣ። እዚህ ብትሳፈር ኖሮ ሕዝቡን ሁሉ ዘመድ ታደርገው ነበር።

ከተማዋ ትንሽ ናት፤ ስሟን ብጽፈው አታውቋትም። ኮረብታዎቿ እንደኛው ጅሬን አረንጓዴ ናቸው፤ ከሥራቸው ግን ያለው ሩዝ ነው። ሙቀቱ ሌላ ነው። እኛ በሐምሌ ጭቃ ስንረግጥ እነሱ ላብ ያጠምቃቸዋል፤ አየሩ ልክ ከካውያዬ የሚወጣው እንፋሎት ነው።

የሚዶሪ እናት ሳቺኮ በር ላይ ትጠብቀን ነበር። በዕድሜ እኩዮች ነን፤ ቀጭን፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ የያዘች ሴት። እኔ ልስማት እጄን ዘርግቼ ስራመድ እሷ እጅ ለመንሳት ጎንበስ አለች፤ ግንባሯ አገጬን መታው። እኔ «ውይ!» እላለሁ፣ እሷ ይቅርታ እያለች እንደገና ታጎነብሳለች። ሻንጣዬን ስከፍት ደግሞ ያመጣሁላት ማር ፈስሶ ልብሴን በሙሉ አጣብቆታል። ሳቺኮ ምንም ሳትናገር አንድ በአንድ እያወጣች ወሰደችው። ወደ ማታ ልብሴ ሁሉ ታጥቦ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ተሰቅሎ አየሁት።

የዚያን ዕለት ሌላም ጥፋት አጠፋሁ። መታጠቢያ ቤት ውስጥ እስከ አንገት የሚደርስ ሙቅ ውሃ በገንዳ ተሞልቶ ቆየኝ። ታጥቤ፣ ተዘፍዝፌ፣ እንደ ጨዋ ሰው ውሃውን ለቀቅኩት። ለካ ያ ውሃ ለቤተሰቡ ሁሉ ነው፤ ሰው ከገንዳው ውጪ ታጥቦ ንጹሕ ሆኖ ይገባበታል፣ ቀጥሎ ሌላው ይገባል። ጅማ ቧንቧው የሚመጣበትን ቀን ጠብቄ በጀሪካን የማጠራቅም ሴት፣ የሰው ቤት ውሃ ደፋሁ! ሳቺኮ ሚዶሪን «ምንም አይደለም» አስባለችና እንደገና ሞላችው።

ደግነቷ በነገር ሁሉ ነበር። የአሳማ ነገር እንዳይነካብኝ አዲስ ድስትና አዲስ ቢላዋ ገዝታለች። የገዛችውን ምግብ ሁሉ መነጽሯን አድርጋ ጽሑፉን እያነበበች አልኮል ያለበትን ለይታ አስቀምጣለች። ለሶላት መስገጃዬን ሳነጥፍ ደግሞ ከኋላዬ ቀስ ብላ መጥታ ማራገቢያውን ወደ እኔ አዙራው ወጣች።

ግን አንድ ነገር ይከብደኝ ነበር። ሳቺኮ አትቀመጥም። ሚዶሪና እኔ በአማርኛ እየተጫወትን ስንስቅ ሳህን ታነሳና ወደ ኩሽና ትሄዳለች። አይኗ አይኔ ላይ አያርፍም። እንዲህ ያለ መስተንግዶ አውቃለሁ፤ እንግዳው ሳይሆን የመጣበት ጉዳይ ያልተወደደ ጊዜ የሚደረግ ነው። እኔ ግን ጉዳይ አልነበረኝም፤ ቢያንስ የማውቀው አልነበረም።

ከተማዋ መስጊድ ስለሌላት ዓርብ ዙሁርን ቤት ሰገድኩ። ከሰዓት በኋላ ሚዶሪ ወንዙ ዳር ወሰደችኝ፤ ወንዶች በየቤቱ ደጅ የወረቀት ፋኖስ ይሰቅላሉ። እዚያ ነው የልቧን ያወጣችው።

«እትዬ፣ ወደ ጅማ መመለስ እፈልጋለሁ። ለመኖር።»

ደስታዬን ሳልደብቅ «እልልል!» ልል ስል ፊቷን አየሁና ተውኩት።

«ከጎማ ወረዳ ሴቶች ጋር ቡና እያደረቅን ወደዚህ መላክ ነው ሐሳቤ። ሁሉንም አስቤበታለሁ። ግን እናቴ አለች። አባቴ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆነው፤ እኔ አንድ ልጇ ነኝ። ወሬውን ስጀምር ተነስታ ትሄዳለች። አንቺ ብትነግሪያት ትሰማለች። አንቺን ታከብራለች።»

«ሽማግሌ አድርገሽ ነው እንዴ ያመጣሽኝ?»

ወደ ፋኖሶቹ ዞረች።

«ለበዓል ነዪ አልሽኝ እኮ!»

«በዓሉም አለ» አለች፣ አንገቷን ደፍታ። «እኔ አስተረጉማለሁ። ማሎ፣ እትዬ።»

«ባለጉዳይዋም አንቺ፣ አስተርጓሚዋም አንቺ? እንዲህ ያለ ሽምግልና በጅማም በጃፓንም የለም» አልኳት። ተቆጥቼ ነበር። የሰው እንጀራ እየበሉ፣ አይን አይኑን እያዩ ልጁን መጠየቅ ምን ይባላል? አሁን የሳቺኮ ዝምታ ገባኝ። ጃፓንኛ ባላውቅም፣ እሷ እኔን ስታይ ምን እንደምታይ አወቅኩ፤ ልጇን ሊወስድ የመጣ ሰው። ችግሩ ደግሞ ይህንን ለማስተባበል እንኳ በልጇ አፍ ካልሆነ መናገር አለመቻሌ ነው።

ቅዳሜ ነጋ። ልብሴ ስላልደረቀ ሳቺኮ ዩካታ የሚሉትን የሙቀት ጊዜ የጥጥ ቀሚሳቸውን አለበሰችኝ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ አውልቄ ገልብጬ ሳላየው አልቀረሁም። አንድም የተጠማዘዘ ቆረጣ የለበትም፤ ሁሉም ቀጥ ያለ ጨርቅ ነው፣ ስፌቱም በእጅ ነው። ሳቺኮ ስፌቱን በጣቴ ስከተል አየችኝና አጠገቤ ተንበረከከች። ደረቷን በእጇ ነካች። እሷ ናት የሰፋችው። አውራ ጣቴን ከፍ አደረግኩላት። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች፤ ሚዶሪ ስትገባ ግን ተነስታ ወጣች።

እሑድ በዓሉ ሆነ። ጠዋቱን ከበሮ ቀሰቀሰኝ። ከሩቅ ሲሰማ የመውሊድ ከበሮ መሰለኝ፤ ሲቀርብ ግን ደረት ውስጥ የሚገባ ነው፣ የጎድን አጥንቴ ሳይቀር ሰምቶታል። የሰፈሩ ሰው አጭር፣ ስስ ሰማያዊ ካፖርት ለብሶ ቤተ መቅደሱ ደጃፍ ተሰበሰበ። ከውስጥ ሚኮሺ የሚሉትን፣ በትከሻ የሚሸከሙትን ትንሽ መቅደስ አወጡ። ጣሪያው በወርቅ ቀለም ያንጸባርቃል፣ ከሥሩ ረጃጅም ወፋፍራም ግንዶች አሉት። የሚያመልኩት መንፈስ በዓመት አንድ ቀን በዚያ ውስጥ ሆኖ ሰፈሩን ይጎበኛል ይላሉ። እኔ ከቤተ መቅደሱ ቀይ በር ውጭ ቆምኩ። አልገባሁም፣ ግቢ ያለኝም የለ።

ጥምቀት ሲሆን ጎረቤቶቻችን ታቦት አጅበው ሲያልፉ አባቴ ሱቁን ዘግቶ ለአላፊ አግዳሚው ውሃ ያስቀምጥ ነበር። «መንገዱ የሁላችን ነው» ይል ነበር። ልዩነቱ፣ ታቦቱን የሚይዙት ካህናት ብቻ ናቸው፤ እርምጃቸውም የዝግታ ነው። ይህን ግን ዳቦ ጋጋሪውም፣ ፖስታ ቤት የሚሠራውም ተሸክሞ ይጮሃል፣ እያነሳ ያነጥረዋል። ከተሸካሚዎቹ ሽማግሌዎች ናቸው የበዙት። ወጣቱ ወደ ትልልቅ ከተሞች ሄዷል። ሰው ስላነሰ ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሴቶች እንዲሸከሙ ተፈቅዷል። ሚዶሪ የአባቷን ካፖርት ለብሳ ገባች፤ እጅጌው ረዝሞባት ተጠቅልሏል።

ሳቺኮና እኔ ከመንገዱ ዳር ከሸራ ጥላ ሥር ተመደብን፤ ተሸካሚዎቹ ሲያልፉ የቀዘቀዘ የገብስ ሻይ ማቅረብ ነው ሥራችን። ሚኮሺው ጩኸቱን ይዞ በመታጠፊያው ተሰወረ። መንገዱ ባዶ ሆነ። ሁለታችን ብቻ ቀረን፤ መሀላችን ሚዶሪ የለችም።

ሳቺኮ ስልኳን አወጣች። ቀስ ብላ ተናገረችበትና አስጠጋችልኝ። በአማርኛ እንዲህ ተጽፏል፦ «ልጄን ልትወስዳት ነው የመጣኸው?»

ስልኩ ወንድ አድርጎኛል። ጥያቄው ግን ልክ ነበር።

ስልኩን ተቀብዬ እንደ ሕፃን ቃል በቃል ተናገርኩ። «አይደለም። ለበዓል ነው የመጣሁት። ሐሳቧን የሰማሁት ዓርብ ነው።»

ረጅም ጊዜ አነበበችው። ከዚያ እንደገና ተናገረች። «አንተ እንድትመጣ ትፈልጋለህ?»

ልዋሽ እችል ነበር። አፌ ላይም መጥቶ ነበር። «እፈልጋለሁ» አልኩ። «ግን እኔም ልጄ ሩቅ ነው። ስልክ እስኪደውል መጠበቅ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። አልጠራትም።»

ስልኩ ምን ብሎ እንደተረጎመው አላህ ይወቅ። ሳቺኮ ግን ወንበሯን ወደ እኔ ሳበች። ከዚያ በኋላ ጥያቄው እንደ ዝናብ ወረደ። ክፍሏ መስኮት ነበረው? ሐኪም ቤት ይርቃል? ማታ ብቻዋን ትወጣለች? ስትታመም ማን ነበር?

«እኔ ነበርኩ» አልኩ። «ታይፎይድ ሲይዛት እኔ ጋ ነበር የተኛችው።»

ፊቷ ተለወጠ። ጽሑፉን ደግማ አነበበች፣ ሦስተኛም። ያኔ ነው ስህተቴ የገባኝ። አታውቅም ነበር። ሚዶሪ ያኔ ለእናቷ «ጉንፋን ነው» ብላ ነው ያለፈችው።

ሳቺኮ ከወንበሯ ወረደች። እዚያው መሬት ላይ፣ ከሸራው ጥላ ሥር ተንበርክካ፣ ሁለት እጇን አንጥፋ ግንባሯን እስከ መሬት ዝቅ አደረገች። እኔ ስገጂ ይሉኝ ይሆን ብዬ ፈርቼ የመጣሁ ሴት፣ ሰው ለእኔ ሲደፋ አየሁ። «ኧረ ተዪ! አዑዙቢላህ፣ ለሰው እንዲህ አይሆንም!» ብዬ አጠገቧ ተንበረከክኩና በትከሻዋ አነሳኋት። ጉልበቴ ጮኸብኝ። እሷ ታለቅስ ነበር። ያለ ድምፅ፣ እንባዋን ሳትጠርግ። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ሁለታችንም አላነሳነውም።

ጩኸቱ ሲመለስ ተነሳን። ሚኮሺውን መቆሚያው ላይ አስቀምጠው ተሸካሚዎቹ ወደ ሻዩ ሮጡ። የሚዶሪ ትከሻ በግንዱ ተላልጦ ካፖርቱ ላይ ደም አስተላልፏል። ሳቺኮ ፎጣ አንስታ አራት አጠፈችው። እኔ ከቦርሳዬ የማይለየኝን መርፌና ክር አወጣሁ። እሷ ያዘችልኝ፣ እኔ ከካፖርቱ ውስጥ ሰፋሁት፤ ጫፉ ላይ ስደርስ መርፌውን ተቀብላ እሷ ጨረሰችው።

ሚዶሪ አንዴ እኔን አንዴ እናቷን እያየች ቆመች። «ሁለታችሁ ምን ሆናችሁ?»

«ሥራ ላይ ነን። ሂጂ፣ እየጠበቁሽ ነው» አልኳት።

ከመሸከሚያው ሥር ስትገባ ሳቺኮ እንደሌሎቹ ሴቶች አጨበጨበች፤ ከዚያ በኃይል የልጇን ስም ጠራች። ጎረቤቶቿ ዞር ብለው አዩዋት። እንደዚያ ስትጮህ ከዚያ በፊት የሰሟት አይመስለኝም።

ሰኞን ሁሉም ሰው ሰውነቱን እያሸ ዋለ። ሳቺኮ ልጇን ምንም አላለቻትም። እኔም አልተናገርኩም፤ የሰማሁት የእኔ አልነበረም። ምሳ ላይ ግን ተቀመጠች። ዓሣውን እሾሁን እየለቀመች ሳህኔ ላይ አደረገችልኝ።

ማክሰኞ ጠዋት እስከ አውሮፕላን ማረፊያው ልታደርሰኝ ሚዶሪ አብራኝ ተሳፈረች። ሳቺኮ ባቡሩ እስኪሰወር ጎንበስ ብላ ቆየች። መንገድ ላይ ለሚዶሪ ነገርኳት፣ በሹክሹክታ።

«ታይፎይዱን ነገርኳት። አለማወቋን አላወቅኩም።»

ሚዶሪ ደነገጠች። «እንዳትጨነቅ ብዬ እኮ ነው!»

«የሚያስጨንቀውን ደብቀሽ ፈቃዱን ብቻ ስጪኝ ትያታለሽ? እናትሽ እምቢ አላለችም። ስለ መስኮቱ ነው የጠየቀችኝ።»

«መስኮት?»

«ክፍልሽ መስኮት አለው ወይ አለችኝ። ስለ ሐኪም ቤቱ፣ ስለ መንገዱ ጠየቀችኝ። ይህንን ሁሉ አንቺን መጠየቅ ነበረባት።»

አይኗን በመስኮቱ ወደ ሩዙ መለሰች። ባቡር የምንቀይርበት ትልቅ ጣቢያ ስንደርስ ቆምኩ።

«አንቺ እዚህ ተመለሺ» አልኳት።

«እንዴ፣ እትዬ! ትጠፊያለሽ!»

«እጠፋ ይሆናል። አፍ አለኝ፣ እጠይቃለሁ። እናትሽ ዛሬ ቤት ብቻዋን ናት፤ ወሬው ሳይቀዘቅዝ ግቢ።»

ትንሽ ተከራከረችኝና የምሄድበትን በወረቀት ጽፋልኝ፣ ሁለት ጊዜ አቅፋኝ ሄደች። እኔም እውነት ለመናገር ወዲያው ጠፋሁ። ያን ያህል ሰው የሚተራመስበት ቦታ አይቼ አላውቅም፤ የመርካቶ ቅዳሜ ገበያ አሥር ቦታ ተደራርቦ ማለት ነው። ወረቀቱን ይዤ ስዞር አንድ በምርኩዝ የሚሄዱ አዛውንት አነበቡልኝ፤ እጃቸውን ወደ ላይ አመልክተው ከመተው ይልቅ፣ ደረጃ በደረጃ እያረፉ ባቡሩ በር ድረስ አደረሱኝ። ኪሴ ውስጥ የነበረውን የአጋሮ ቡና ቋጠሮ ሰጠኋቸው። አሸተቱትና ሳቁ።

አውሮፕላን ማረፊያው ተቀምጬ ሳለ ስልኬ ጮኸ።

«እትዬ፣ ተነጋገርን» አለች ሚዶሪ። ድምፅዋ የለቅሶ ነበር።

«ምን አለች?»

«መጀመሪያ ስለ ታይፎይዱ ተቆጣችኝ። በጣም! ከዚያ አለቀስን።»

«ከዚያስ?»

«‹ቤቱን ሳላይ አትሄጂም› አለች።»

ያ ሁሉ ዝም ያለ ሰው መሀል ሳቄን ለቀቅኩት። ይህ እኮ የእኛው ሰው ነገር ነው! ጅማም ሆነ አጋሮ ልጁን የሚድር ወላጅ መጀመሪያ ሰው ልኮ የምትገባበትን ቤት ያስጠናል። ከወንበራቸው ዞረው ያዩኝ ሰዎች ነበሩ፤ ይዩ።

በኅዳር፣ ቡና ሲለቀም፣ ሁለቱም ይመጣሉ፣ ኢንሻአላህ። ሚዶሪ ትቀር ይሆን፣ ከእናቷ ጋር ትመለስ ይሆን፣ አላውቅም። የማውቀው፣ ሳቺኮ ራሷ አይታ እንደምትወስን ነው። የተማሪዎችን የደንብ ልብስ ስፌት ለሠራተኞቼ ትቼ ሰሞኑን ሚዶሪ የኖረችበትን ክፍል ግድግዳ አስቀባሁ፤ የመስኮቱንም መስታወት አስቀየርኩ። ቀለም ቀቢው ብሩሹን እያጠበ «እትዬ፣ ክፍሉ ለማን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ለእንግዳ» ልለው ነበር። «ለእህቴ» አልኩት።